የጌም ኮምፒውተርን ወደ ትንሽ ኬዝ ማዛወር፦ ቦታው ሲጠብ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገዝቶ የጌም ኮምፒውተሩን በገዛ እጁ የገጣጠመ ሰው፣ ዛሬ ጠረጴዛው ሥር የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ ውስጡ ግን በአመዛኙ ባዶ የሆነ የብረት ሳጥን ነው።

ይህ ሳጥን በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይም በናይሮቢ የኪራይ ቤት ውስጥ ቦታ ይሻማል። ቤት በተቀየረ ቁጥር በደረጃ ተሸክሞ መውጣትና መውረድን ይጠይቃል። ባለቤቱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ አገር የሚያቀና ከሆነ ደግሞ የሚቀርቡለት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፦ መሸጥ፣ አለዚያም ለታናሽ ወንድም ትቶ መሄድ።

ሦስተኛውን መንገድ የሚመርጡ አሉ። ለኮምፒውተሩ አቅም የሚሰጡትን ክፍሎች ይዘው፣ በሻንጣ ሊገባ በሚችል ትንሽ ኬዝ ውስጥ እንደገና ይገጣጥሟቸዋል።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ልብስን ከትልቅ ቁም ሳጥን ወደ ትንሽ ቁም ሳጥን ማዛወር ይመስላል። ነገር ግን ኬዙ በግማሽ ሲያንስ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚያመነጩት ሙቀት በግማሽ አያንስም። በቅንጣት እንኳ አይቀንስም። ጥያቄው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ደግሞ ስህተት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ሰው አልገጥም ያለውን ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ለሻጩ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። ከዱባይ በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ ፓወር ሰፕላይ ግን በ3 ሚሊሜትር ምክንያት አልገባ ቢል የሚመለስበት መንገድ የለም፤ ቀጣዩን መንገደኛ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ባዶው ቦታ ከየት መጣ?

የዛሬዎቹ ትልልቅ ኬዞች መልካቸውን የወረሱት በ1995 ኢንቴል ካስተዋወቀው ኤቲኤክስ ከተባለው ልኬት ነው። በዚህ ልኬት የሚሠራ ማዘርቦርድ 30.5 ሴንቲሜትር በ24.4 ሴንቲሜትር ይሆናል። በዚያ ዘመን የድምፅ ካርዱ፣ የኔትወርክ ካርዱና የሞደም ካርዱ ለየብቻ ይሰኩ ነበር። የሲዲ ማጫወቻውና የፍሎፒ ዲስኩ የየራሳቸው መደርደሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። ሃርድ ዲስኩም እንዲሁ።

ዛሬ ድምፁም ኔትወርኩም ማዘርቦርዱ ላይ ተሠርተው ይመጣሉ። መረጃ የሚቀመጥበት ኤም 2 የተባለው ኤስኤስዲ ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከአንድ ፍሬ መስቲካ እምብዛም የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ዕቃዎቹ ከሄዱ በኋላ ቤቱ ቀረ ማለት ይቻላል።

ትንሹ ልኬት የመጣው ከጌም ዓለም አልነበረም። ቪአይኤ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በ2001 ሚኒ አይቲኤክስን ሲያስተዋውቅ ያሰበው ጥቂት ኃይል ለሚወስዱ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበር። 17 በ17 ሴንቲሜትር የሆነው ይህ ማዘርቦርድ በስፋቱ ከኤቲኤክስ 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። የራም ማስገቢያው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ የግራፊክስ ካርድ መሰኪያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለአብዛኛው ተጫዋች ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የኬዝ መጠን የሚለካው በሊትር ነው። 21 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 46 ሴንቲሜትር ቁመትና 43 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የተለመደ ኬዝ 41 ሊትር ገደማ ይይዛል። በየአካባቢው ውሃ የሚቀዳበት ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር በመሆኑ፣ ይህ ኬዝ የሁለት ጀሪካን ያህል ቦታ ይወስዳል ማለት ነው።

በ2020 ለገበያ የቀረበው የኩለር ማስተር ኤንአር200 18.25 ሊትር ነው፤ ከአንድ ጀሪካን ያነሰ። የፍራክታል ዲዛይኑ ቴራ 10.4 ሊትር ሲሆን፣ ዳን ኤ4 የተባለው ደግሞ 7.2 ሊትር ነው። የመጨረሻው ከጫማ ካርቶን ብዙም አይለይም።

የሚቀረውና የሚለወጠው

ለምሳሌ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ፣ 16 ጊጋባይት ራምና አንድ ኤም 2 ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር ይወሰድ። የብዙ ወጣቶች ኮምፒውተር ይህን ይመስላል።

ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ኤስኤስዲው ሳይለወጡ ወደ አዲሱ ኬዝ ይሻገራሉ። ራሙ በአራት ቁራጭ የተከፋፈለ ከሆነ ግን ሁለቱ ቦታ አያገኙም። ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ መለወጣቸው አይቀርም። ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል እንደ ኬዙ ይወሰናል፤ ኤንአር200 ጎኑ በብረት ሲዘጋ 155 ሚሊሜትር ከፍታ ያለውን ሲቀበል፣ ዳን ኤ4 ከ48 ሚሊሜትር በላይ የሆነውን አያስገባም። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠባብ ቦታ ቁመቱ 37 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ማቀዝቀዣ ይሠራል። እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ 65 ዋት የሚል ምልክት ላለው ፕሮሰሰር ይበቃል፤ ከዚያ ከፍ ላለው ግን ይቸገራል።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አርቲኤክስ 3060 በሚል አንድ ስም የሚሸጡት ካርዶች በብዙ ኩባንያዎች የሚሠሩ በመሆናቸው መጠናቸው ይለያያል። ባለ አንድ ፋኑ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባለ ሦስት ፋኑ ከ30 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። ኤንአር200 እስከ 330 ሚሊሜትር፣ ቴራ እስከ 322 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ካርድ ይቀበላሉ። ርዝመቱን ለክቶ ውፍረቱን የረሳ ሰው ግን ጎኑ አልዘጋ ይለዋል። የኃይል ገመዱ ከካርዱ ጎን ወጥቶ የሚታጠፍበት ቦታም በልኬቱ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል።

ፓወር ሰፕላዩ ኤስኤፍኤክስ በተባለው አነስተኛ ልኬት ይተካል። መደበኛው 15 በ14 በ8.6 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ኤስኤፍኤክስ 12.5 በ10 በ6.35 ሴንቲሜትር ነው። በይዘት ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው። ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው ይበልጣል። ከላይ ለተጠቀሰው ኮምፒውተር 550 ዋት የሚሰጥ በቂ ነው፤ 850 ዋት መግዛት ጨዋታውን አያፈጥነውም።

እዚህ ላይ አንድ የተለየ ውሳኔ አለ። ራይዘን 5 5600 የሚሰካው ኤኤም4 በተባለው የቆየ መሰኪያ ላይ ነው። በ2022 የመጣው ኤኤም5 ዲዲአር5 ራም ስለሚጠይቅ፣ ወደ እርሱ የሚሻገር ሰው ፕሮሰሰሩንም ራሙንም አብሮ መለወጥ አለበት። ያ ደግሞ ኬዝ መለወጥ መሆኑ ቀርቶ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ይሆናል። አሮጌው ፕሮሰሰር የባለቤቱን ጨዋታዎች የሚያጫውት ከሆነ ለኤኤም4 የተሠራ ትንሽ ማዘርቦርድ መፈለጉ ይበልጥ ያዋጣል።

ትንሹ ማዘርቦርድ በአካባቢው ገበያ ካልተገኘስ? ማይክሮ ኤቲኤክስ የተባለው 24.4 በ24.4 ሴንቲሜትር የሆነው መካከለኛ ልኬት ሊታይ ይገባዋል። ማዘርቦርዱ በየሱቁ ይገኛል፤ ዋጋው ይቀንሳል። ከ30 ሊትር በታች ከሆኑት የዚህ ልኬት ኬዞች ብዙዎቹ የቀድሞውን ፓወር ሰፕላይ ጭምር ይቀበላሉ። በፎቶግራፍ እንደ ጫማ ካርቶኑ ኬዝ አያምርም፤ ሆኖም ለብዙ ሰው ልኩ ይህ ነው።

ዋት ሁሉ ሙቀት ነው

ኮምፒውተር ከግድግዳው የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፋኖቹና በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የሚባክነው ሲደመሩ፣ ከባድ ጨዋታ ላይ ያለ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ወደ 300 ዋት ይጠጋል። ሦስት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎችን ጫማ ካርቶን ውስጥ አብርቶ መክደን ማለት ነው።

ታዲያ ትልቁ ኬዝ የሚቀዘቅዘው ባዶ ስለሆነ ነው? አይደለም። ባዶ ቦታ ሙቀትን ለጥቂት ደቂቃ ያቆየው ይሆናል እንጂ አያስወግደውም። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ፊታቸው በመስታወት ወይም በብረት የተደፈነ ትልልቅ ኬዞች ውስጥ አየሩ በቀጭን ቀዳዳ እየተሳበ ስለሚገባ፣ 40 ሊትር ይዘውም ይግላሉ። ጎኑ ወንፊት የሆነ ትንሽ ኬዝ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ከወንፊቱ ጋር ተጠግቶ ስለሚቀመጥ አየሩን በቀጥታ ከክፍሉ ይስባል። ጥሩ ሆኖ የተሠራ የ18 ሊትር ኬዝ መጥፎ ሆኖ ከተሠራ የ40 ሊትር ኬዝ ይልቅ ሊቀዘቅዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አየር ከተነሣ ደግሞ፣ በባሕር ጠረፍ የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ለደጋው አይሠራም።

አዲስ አበባና አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ አዲስ አበባ ላይ ክብደቱ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ፋን የሚያንቀሳቅሰው በይዘት ነው፤ በሴኮንድ 20 ሊትር የሚገፋ ፋን አዲስ አበባም ሞምባሳም 20 ሊትር ይገፋል። ሙቀትን የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። በኬዙ ውስጥ በሴኮንድ 20 ሊትር አየር የሚያልፍ ከሆነና የሚወጣው ሙቀት 300 ዋት ከሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ አየሩ ከገባበት በ12 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን 16 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለችው ናይሮቢ በሁለቱ መካከል ትውላለች።

ይህ ማለት ደገኛው ተጎጂ ነው ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ክፍል 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ከኬዙ የሚወጣው አየር 36 ዲግሪ ይሆናል። ጂቡቲ ላይ ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ የሚወጣው አየር ከ47 ዲግሪ ያልፋል። ሆኖም ደገኛው በአየሩ ቅዝቃዜ ተማምኖ ፋን ቢቀንስ ትርፉን መልሶ ያጣዋል። የአየሩ ፍሰት በግማሽ ሲቀንስ 16 ዲግሪ የነበረው 32 ይሆናል።

በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮችና ቻርጀሮች ላይ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ብቻ እንደሚሠሩ የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም ምልክት መኖሩን ያስተዋለ ሰው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ላይ መሣሪያው ይነሣል፤ ይሠራልም። ነገር ግን አምራቹ ያረጋገጠው ከዚያ በታች ላለው ከፍታ በመሆኑ፣ ዕቃውን እስከ አቅሙ ጥግ አለማስጨነቅ ይመረጣል።

ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ

ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ተጫዋቹ ይህን የሚያየው ምስሉ ድንገት ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ ወደ ትንሽ ኬዝ የተዛወሩ ሰዎች ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ ኃይልን በፈቃድ መቀነስ ነው።

ፋብሪካዎች ቺፖቻቸውን የሚያስተካክሉት ከሁሉም ደካማው ቺፕ እንኳ እንዳይሰናከል አድርገው ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ካርዶች ከሚያስፈልጋቸው ትንሽ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይሰጣቸዋል። ከመጨረሻዋ የፍጥነት ጭማሪ የሚገኘው ጥቅም ጥቂት፣ የምትበላው ኃይል ግን ብዙ ነው። በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 80 በመቶ ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ከፍጥነቱ የሚወስደው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። 170 ዋት የነበረው 136 ይሆናል። ፋኑም ዝም ይላል።

በእጅ ያለው ካርድ 450 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ 4090 ወይም 575 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ 5090 ከሆነ ነገሩ ይለያል። እነዚህን በ10 ሊትር ውስጥ የሚያስገቡ አሉ፤ የሚቻል መሆኑም ታይቷል። ነገር ግን ለፍጥነት በከፍተኛ ዋጋ የተገዛን ካርድ አፍኖ ከታች ባለው ካርድ ፍጥነት ማሠራት ትርጉሙ ግልጽ አይደለም።

ስለ አንድ ብሎን

በጣም ትንንሽ በሆኑት ኬዞች ግራፊክስ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ አይሰካም። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡና ራይዘር በሚባል ጠፍጣፋ ገመድ ይገናኛሉ። ቦታ የሚቆጥበው ይህ አቀማመጥ ነው፤ ትልቁ ችግር የደረሰውም በእርሱ ላይ ነው።

በየካቲት 2021 የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን ኤንዜድኤክስቲ ኤች1 የተባለው ትንሽ ኬዝ ከገበያ መሰብሰቡን ይፋ አደረገ። በአሜሪካ ብቻ 32,000 ገደማ ተሸጠው ነበር። ምክንያቱ ራይዘሩን ከኬዙ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ናቸው። ብሎኖቹ በራይዘሩ ሰሌዳ ውስጥ ሾርት ሊፈጥሩና እሳት ሊያስነሡ ይችሉ ነበር።

የዚህ ታሪክ ፋይዳ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ነው። ከገበያ የተሰበሰበ ዕቃ በተመረተበት አገር ቢስተካከልም፣ በሻንጣ ተጉዞ በሌላ አገር ሁለተኛ ገበያ ላይ ብቅ ከማለት የሚያግደው የለም። ያገለገለ ኤች1 የቀረበለት ሰው ራይዘሩ በአዲሱ የተተካ መሆኑን ሳያረጋግጥ መግዛት የለበትም።

ራይዘር ሌላም ቀለል ያለ፣ ግን ብዙዎችን ያስደነገጠ ጠባይ አለው። አሮጌ ራይዘር የሦስተኛውን ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ብቻ የሚሸከም ሆኖ ካርዱና ማዘርቦርዱ የአራተኛው ትውልድ ከሆኑ፣ ስክሪኑ ጨርሶ ላይበራ ይችላል። ሰው ካርዱ የተቃጠለ ይመስለዋል። መፍትሔው ካርዱን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ወደ ባዮስ መግባትና ፍጥነቱን ወደ ሦስተኛው ትውልድ ማውረድ ነው። እንደ አርቲኤክስ 3060 ባለ ካርድ ላይ የሚያመጣው ልዩነት በጨዋታ ጊዜ እምብዛም አይታወቅም።

አሮጌው ገና እየሠራ ሳለ

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ከብሎን መፍቻው በፊት የሚመጣ ነው። በብዙ ዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች ላይ መረጃው ባለቤቱ ሳያውቀው በቢትሎከር ተቆልፎ ይገኛል። የቁልፉ ምስጢር የተሳሰረው ከማዘርቦርዱ ወይም ከፕሮሰሰሩ ደኅንነት ክፍል ጋር ነው። ማዘርቦርዱ ሲለወጥ ዊንዶውስ ሌባ ዲስኩን ነቅሎ የወሰደው ይመስለውና 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ የዓመታት ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የጨዋታ ታሪክ እዚያው ዲስክ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ገና በአሮጌው ኬዝ እየሠራ ሳለ ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንት ላይ አውጥቶ በወረቀት መጻፍ፣ አለዚያም ቢትሎከርን ማጥፋት ያስፈልጋል። መረጃውን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥም እንዲሁ። የዊንዶውስ ፈቃዱ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ወደ አዲሱ ላይሻገር እንደሚችል ማወቅ ይገባል። አዲሱ ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩን ለማወቅ የባዮስ ማሻሻያ የሚፈልግ ከሆነም ፋይሉን ማውረጃው ጊዜ ይህ ነው።

ማቀዝቀዣውን ከፕሮሰሰሩ ላይ ማንሣት የራሱ ጥበብ አለው። የኤኤም4 ፕሮሰሰር 1,331 ቀጫጭን እግሮች አሉት። በመካከል ያለው ቴርማል ፔስት ለዓመታት ደርቆ ሙጫ ስለሚሆን፣ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሳበ ሰው ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ነቅሎ ያወጣዋል። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ያህል አሠርቶ ማሞቅ፣ ከዚያ ማጥፋትና ከመብራት መንቀል፣ ማቀዝቀዣውንም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቀስ እያሉ ማዟዟር ፔስቱን ያላቅቀዋል።

ከዚያ ደግሞ አንድ ፈተና አለ፤ የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ገመዶች ለአዲሱ መጠቀም። ገመዶቹ የሚነቀሉ ከሆኑ፣ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ላይም ልክ ሆነው ይሰካሉ። ጠንቁም ይኸው ነው። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው አሰካክ ለሁሉም አንድ ሲሆን፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ የሚሠራው ነው። 5 ቮልት መግባት በነበረበት 12 ቮልት ሊገባ ይችላል። ዲስክና ማዘርቦርድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚቃጠሉት እንዲህ ነው። አሮጌዎቹን ገመዶች ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ጋር አስሮ ማስቀመጥ ይሻላል።

ክፍሎቹን ወደ ኬዙ ከማስገባት በፊት ማዘርቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጦ፣ ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ራሙንና ካርዱን ሰክቶ መሞከር ጊዜ ያተርፋል። በትልቅ ኬዝ ውስጥ አንድ ያልተሰካ ገመድ ማግኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በ10 ሊትር ኬዝ ውስጥ ግን ያንኑ ገመድ ለመድረስ ካርዱን፣ ራይዘሩን፣ አንዳንዴም ፓወር ሰፕላዩን መፍታት ይጠይቃል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ገመዶቹን ሁሉ አስቀድመው ሰክተው ማዘርቦርዱን በመጨረሻ ያስገባሉ።

አቧራ፣ መብራትና ጉዞ

ጎኑ ወንፊት የሆነ ኬዝ አየር እንደሚያስገባ ሁሉ አቧራም ያስገባል። በበጋ ወራት ያልተነጠፈ መንገድ አጠገብ ባለ ቤት ውስጥ ወንፊቱ በሳምንታት ይሸፈናል። በትልቅ ኬዝ ውስጥ አቧራው ወለሉ ላይ ያርፋል፤ በትንሹ ኬዝ ውስጥ ግን የሚያርፍበት ወለል ስለሌለ ቀጥታ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ይጣበቃል። በወር አንድ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃዋል። ሞቃዲሾና ሞምባሳን በመሳሰሉ የባሕር ጠረፍ ከተሞች ደግሞ ጨዋማው እርጥበት ስለሚጨመር ኮምፒውተሩን መስኮት ሥር አለማስቀመጥ ይመከራል።

መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ኃይሉ የተቀነሰ ትንሽ ኮምፒውተር አንድ ያልታሰበ ጥቅም ይዞ ይመጣል። 300 ዋት የነበረው ወደ 250 ሲወርድ፣ ያው ዩፒኤስ መረጃን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሰጠው ጊዜ ይረዝማል።

ከአሜሪካ የመጣ ፓወር ሰፕላይ በ220 ቮልት ይሠራ እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ጎናቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ትራንስፎርመር አያስፈልጋቸውም፤ የሚለወጠው ገመዱ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ሲለመድ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ግን የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው።

በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው ከመጠን ይልቅ ክብደት ይፈትነዋል። ብዙ አየር መንገዶች በእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 7 ኪሎ ግራም ነው። የ10 ሊትር ኬዝ ከነሙሉ ዕቃው ወደዚያው ይጠጋል ወይም ያልፋል። ግራፊክስ ካርዱን ነቅሎ በልብስ ጠቅልሎ ለብቻው መያዝ ሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ካርዱም በጉዞው መንገጫገጭ መሰኪያውን እንዳይሰብር ይሆናል። ሻንጣው ለጭነት የሚሰጥ ከሆነ በኬዙ ውስጥ ባዶ የቀረውን ቦታ በስፖንጅ መሙላት ያስፈልጋል።

ሲደርሱ ከመሰካት በፊት ጎኑን ከፍቶ ማቀዝቀዣው እንዳልላላና የትኛውም ገመድ ፋን ላይ እንዳልወደቀ ማየት ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ከባዱን ጨዋታ ለግማሽ ሰዓት አስነሥቶ የሙቀት መጠኑን መከታተል ነው። ቁጥሩ በ70ዎቹ ውስጥ ከረጋ ሥራው ተሳክቷል። ወደ 90 እየተጠጋ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ኬዙ ከግድግዳ ወይም ከመጋረጃ ጋር ተጠግቶ ተቀምጦ እንደሆነ ነው።